ቆራሌው የማይገዛው ቆሻሻ የት ይሂድ?

ዋናው ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ጥያቄዬ ስለ ቆሻሻ ነው፤ ስለ ሁሉም ቆሻሻ ግን አይደለም።

ሃይላንዱ፣ ጀሪካኑ፣ ቆርቆሮው፣ የተበሳው ድስት አያስጨንቀኝም። ቆራሌው በጠዋት እየተጣራ ያልፋል፤ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በዚያው ይሸኛል። ልጣጩና ጥራጊው በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ በር ላይ ይወጣል፤ የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ሴቶች ይወስዱታል። የሚያስጨንቀኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል፣ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ፣ የማላታይን (የፀረ ተባይ) ዕቃ፣ የአይጥ መርዝ ትራፊ። ይህን ቆራሌው አይገዛም። ማኅበሩም ለይቶ የሚያስቀምጥበት የለውም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ ይጨምረዋል። እኔ የእናቴን የኢንሱሊን መርፌ በባዶ የበረኪና ዕቃ አጠራቅማለሁ። ዕቃው ሞልቷል፤ ማን ይቀበለኝ?

ነገሩን እንዳነሳ ያደረገኝ በቀደም ያየሁት ነው። ከሰብሳቢዎቹ አንዷ ማዳበሪያውን አቅፋ ጋሪ ላይ ስትጭን መርፌ ወጋት። ጓንት አድርጋ ነበር፤ የጨርቅ ጓንት። መርፌው ጓንቱን አልፎ ከአውራ ጣቷ ሥር ገባ። ከየትኛው ቤት እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ነቅላ ጣለችው፣ ጣቷን በጓንቱ ጠረገች፣ ቀጣዩን ማዳበሪያ አነሳች።

በእናንተ ሰፈር ይህን ዓይነት ቆሻሻ የሚቀበል አለ? ከሌለስ እኛው ምን ማድረግ እንችላለን?

መልሶቹ፦

ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ስለረዘመ ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች መሐል ላይ እየጠፉ ነው። ስለዚህ መልሶቹን በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሰባስቤያቸዋለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም እየተናገርኩ እሄዳለሁ።

መልስ 1 ከሰኞ ገበያ ሰፈር ነው። ሰውየው እሱም ቤት ችግሩ ያው እንደሆነ ተናግሮ፣ መልሱን እንደሚከታተል ገልጾ አለፈ።

መልስ 2 የጡረተኛ መምህር ነው። መርቀውን ነው የጀመሩት። እሳቸው እንደሚሉት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጓሮ ቆፍሮ መቅበር። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበርና የተጎዳ ሰው እንዳላዩ ጻፉ። ከዚያ ወደ ድሮ ትምህርት ቤት ወሰዱን። ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣ ተማሪዎች ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤታቸው ያመጡ ነበር። ድንጋዩ ይሰበራል፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ከከሰልና ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል፤ ሰሌዳው በዚያ ይቀባል። እስከ ክርናቸው ጠቁረው ወደ ቤት የሚሄዱት ልጆች ዛሬም ፊታቸው ላይ ድቅን እንደሚሉባቸው ነገሩን። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ የራሱን ትምህርት ቤት አስታውሶ ልብ ሰጠው።

መልስ 3 ለጋሼ መምህሩ አክብሮቱን ገልጾ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ጓሮ የሌለውስ? እሱ የሚኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። ግቢው ሲሚንቶ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው። መርፌውም መድኃኒቱም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጩ መኪና ያወጣዋል። ይህ የብዙ ደሴዎች ኑሮ ነው። ስለ ቆሻሻ ስናወራ ሁሉም ሰው ጓሮ ያለው ይመስለናል፤ የለውም።

መልስ 4 አንድ መስመር ነው። ማቃጠል ብቻ ነው፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር የለም የሚል ነው።

መልስ 5 የነርስ ነው፤ ከክሩ ውስጥ እኔን በጣም የጠቀመኝም እሱ ነው። ከቆሻሻው በፊት ስለተወጋችው ሴት ጠየቀች። ጤና ጣቢያ ሄዳለች ወይ? በመርፌ የተወጋ ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ መታጠብ አለበት። ደሙን ለማውጣት መጭመቅ አያስፈልግም፤ በረኪና ማፍሰስም አያስፈልግም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ ካለፈ አይሰጥም። የጉበት ቫይረስ ደግሞ በመርፌ ከኤችአይቪ ይልቅ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ለቢ ዓይነቱ ክትባት አለ። ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ክትባት ሊያገኙ ይገባል ብላ ታምናለች። እኔም አምናለሁ።

ስለ መርፌው አያያዝ ያለችውን እዚህ ልዘርዝረው። ከተጠቀሙ በኋላ ክዳኑን መልሶ ለመግጠም መሞከር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚወጋው ያኔ ነው። በቀጥታ ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ መጣል ነው። የበረኪና ዕቃ ጥሩ ነው። ሃይላንድ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን ጠምዝዞ በፕላስተር ማሸግና በላዩ ላይ መርፌ መሆኑን በግልጽ መጻፍ። ከዚያ ኢንሱሊኑን ወደሚሰጠው ጤና ተቋም መውሰድ። እነሱ ዘንድ ለመርፌ የተዘጋጀ ሴፍቲ ቦክስ አለ፤ የሚቃጠልበትም ምድጃ አለ። እሷ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ታሽጎ ከመጣለት እንደሚቀበል ነገረችኝ።

መልስ 6 ከኮምቦልቻ ነው፤ ክሩም እዚህ ላይ ሞቀ። ጸሐፊው ደሴ ስለ ማዳበሪያ ስትጨነቅ ኮምቦልቻ ስለ ቦርከና ወንዝ እንደምትጨነቅ አሳሰበ። ደሴ የተቀመጠችው ከፍ ብላ በተራራ መሐል ነው። ክረምት ሲገባ ቦዩ ውስጥ የተጣለው ሁሉ ተጠራርጎ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከብቱ ከዚያ ይጠጣል፤ አትክልቱም በዚያ ይለማል። ደሴ ላይ ፌስታሉን ቦይ ውስጥ የሚወረውር ሰው፣ ሰላጣው ከኮምቦልቻ ተመልሶ እንደሚመጣለት ይወቅ የሚል ነበር መልእክቱ። ቃሉ ሻካራ ነው፤ ሐሳቡ ግን እውነት ነው።

መልስ 7 መልስ 4ን የሚያርም ነው። በጓሮ እሳት ማቃጠል ቆሻሻውን ዓይነቱን እንዲቀይር ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል፣ በተለይ እንደ ገመድ ልባስ ያለው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ያ መርዝ ሳር ላይ ያርፋል፣ በላም ወተት ተመልሶ ይመጣል። የፍሊት ቆርቆሮ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። የባትሪ ድንጋይም ይፈነዳል። ጸሐፊዋ ከጦሳ ተራራ ሥር የምትኖር ናት። ጠዋት ጠዋት የማቃጠያው ጭስ ከሰፈሩ ንቅንቅ እንደማይልና አስም ያለበት ልጇ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሄድ እንደሚቸግረው ጻፈች። መልስ 8 መልስ 4ን የጻፈው ሰው ነው። ታዲያ ማኅበሩ ሳይመጣ ሲቀር ቆሻሻውን አቅፈን እንተኛ ወይ ሲል ቆጣ አለ። ቁጣው ይገባኛል። ሳምንት ሙሉ በር ላይ የተቀመጠ ማዳበሪያ ውሻ ሲበታትነው ማየት ቀላል አይደለም።

መልስ 9 ኬሚካል ምህንድስና የተማረ ሰው ነው። ለመምህሩ በትሕትና ነው የመለሰው፤ ግን አልሸሸም። መቅበር ለልጣጭ ጥሩ ነው፤ ለመርዝ አይሆንም። መድኃኒትና ፀረ ተባይ በዝናብ እየታጠበ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል። ቀጥሎም ባትሪን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ትክክል እንዳልሆነ አስረዳ። መምህሩ የሚያውቁት የባትሪ ድንጋይ በአብዛኛው ዚንክና ማንጋኒዝ ነው፤ ጥሩ ነገር ባይሆንም ከሁሉ የከፋው እሱ አይደለም። ለሕፃን በጣም አደገኛዋ የሰዓትና የመጫወቻ ክብ ባትሪ ናት። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ማቃጠል ትችላለች። ወላጅ ሳያስመልስ፣ ሳያዘገይ ሆስፒታል መሮጥ አለበት። ለሰፈር ደግሞ በጣም አደገኛው የመኪናና የሶላር ባትሪ ነው፤ ውስጡ እርሳስ የተባለው ብረትና ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

ስለ ኃይል ቆጣቢው አምፖልም አክሎ ነበር። የተጠማዘዘው ነጭ አምፖል ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ሳይሰበር ጉዳት የለውም። ከተሰበረ ግን ልጆችን ከክፍሉ ማስወጣት፣ መስኮት መክፈት፣ ለ15 ደቂቃ ያህል መተው ያስፈልጋል። በመጥረጊያ መጥረግ አይገባም፤ ሜርኩሪውን ይበትነዋል። ስብርባሪው በካርቶን ተዝቆ፣ የቀረው በፕላስተር ተለቅሞ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይታሸጋል። አሁን ብዙዎቻችን የምንገዛው ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለውም። አሮጌዎቹ ግን በየሣጥኑ አሉ።

መልስ 10 ወደ ቦርከና መለሰን። ከደሴ የጻፈ ሰው መልስ 6ን ክፉኛ ተናገረው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ በትንንሽ ወንዞቿ እየለቀቀች በደሴ ፌስታል ልትፈርድ አትችልም ሲል ጻፈ። መልስ 11 ከኮምቦልቻ በኩል አጸፋውን ሰጠ፤ አሁን ስድብ ቀረሽ ነበር፤ አልደግመውም። ሁለቱን ዝም ያሰኘው መልስ 12 ነው። ጸሐፊው የጨፋ ሰው ነው። ደሴም ኮምቦልቻም የሚለቁት መጨረሻው እነሱ ዘንድ መሆኑን በእርጋታ አስታወሰ። ጨፋ ረግረግ ነው። በበጋ የአካባቢው አርብቶ አደርም የአፋር ከብትም እዚያ ይሰማራል። የሞተች ላም ሆድ ሲቀደድ የታመቀ ፌስታል ሲወጣ በዓይኑ አይቷል። ከላይ ያለው ሰው ከታች ላለው ሰው ማሰብ እንዳለበት ሲጽፍ ማንንም አልሰደበም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሁለቱም የሰሙት።

መልስ 13 ስለ ሙያው የጻፈ ቆራሌ ነው። ስለ እሱ ሁላችንም ስናወራ ነበር፤ እሱን የጠየቀ ግን አልነበረም። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ሳላሳጥር ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚገዛው የሚሸጥለትን ነው። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ሃይላንድ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ። ከየሰፈሩ የተሰበሰበው ለትልቅ ገዢ ይሸጣል፤ ከዚያ ተጭኖ አብዛኛው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዋጋ የሌለውን ነገር ቢሸከም ለልጆቹ እንጀራ አይሆንለትም፤ ይህን ያለ እፍረት ተናገረ፣ ማፈርም የለበትም። ሰዎች ግን ማዳበሪያው ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ ከሃይላንድ ጋር ቀላቅለው ይሰጡታል። ሃይላንድ ውስጥ የተረፈ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ አንዳንዴም አሲድ ይተዋሉ። እሱ ሃይላንዱን ለማሳነስ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ክዳኑ ይፈናጠራል፣ ውስጡ ያለው ፊቱ ላይ ይረጫል። አንድ ጓደኛው በዚህ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ታሟል።

ከዚያ ወደ መኪና ባትሪ መጣ። የመኪና ባትሪ ዋጋ አለው፤ ጥሩ ዋጋ። ገዢው ግን የሚፈልገው እርሳሱን ነው፤ በደረቁ ነው የሚመዝነው። ስለዚህ ሻጩ ባትሪውን ገልብጦ አሲዱን መሬት ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ያፈሰዋል። አሲዱ የፈሰሰበት ሳር በማግስቱ ይደርቃል። አንዳንዱ ደግሞ ባትሪውን በመዶሻ ፈልጦ እርሳሱን በከሰል ምድጃ ያቀልጣል፤ ልጆቹ አጠገቡ ተቀምጠው። እኔ በጥያቄዬ ዋጋ ያለው ቆሻሻ አያስጨንቅም የሚል መንፈስ ነበረኝ። ይህ ሰው ሌላውን ገጽታ አሳየን፤ ባትሪውን አደገኛ ያደረገው ዋጋው ራሱ ነው።

መልስ 14 መሐንዲሱ ነው፤ ቆራሌውን አመስግኖ የሴኔጋልን ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ፣ ዳካር ዳርቻ በምትገኝ ቲያሮዬ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር 18 ሕፃናት ሞቱ። ሰፈሩ ውስጥ ለዓመታት የመኪና ባትሪ ይፈለጥ ነበር። አሸዋው እርሳስ ጠግቧል። እናቶች እርሳሱን ለመሸጥ አሸዋውን በወንፊት ይነፉ ነበር፤ ልጆቻቸውን አዝለው። አቧራው ነው ልጆቹን የገደለው። የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ትንሹም መጠን የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። መሐንዲሱ አንድ ነገር ለመነን። አሮጌ ባትሪ ስንሸጥ ከነአሲዱ፣ ሳይከፈት፣ አዲሱን ለምንገዛበት ሱቅ እንመልስ፤ ዋጋው ትንሽ ቢያንስም። ቆራሌውም ባትሪ ከገዛ ከነአሲዱ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ይህን ልመና እኔም እደግመዋለሁ።

መልስ 15 ጋራዥ ያለው ሰው ነው። የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ያጠራቅማል። ሰዎች ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ለመቀባት ይወስዱታል፤ የቀረውን የሚወስድለት ሲያጣ ይቸገራል። ጎረቤት ጋራዥ ቦይ ውስጥ ሲያፈስ ያያል፤ ስም አልጠራም። አንድ ሊትር ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል እንደሚችል መሐንዲሱ በአጭሩ ጨመረለት። መልስ 16 እና 17 ከመንገድ ወጡ። አንዱ የሃይላንድ ኪሎ ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ከባድ መኪኖች በሐረጎ መንገድ ላይ በጭጋግ እንዴት እንደሚነዱ አማረረ። ሐረጎን የሚያውቅ ሁሉ ተቀላቀለ፤ እሱን ልለፈው።

መልስ 18 የሕግ ባለሙያ ነው። ጉዳዩ ባለቤት የሌለው እንዳይመስለን አሳሰበ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 የቤት ኃላፊ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያስገድድ ነበር። በ2010 ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ብቻ የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1090 ነው። በ2017 ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መልስ 19 ይህን ሲያነብ ተቆጣ። ወረቀት ቆሻሻ አይለቅምም፤ መለየት ቢባል የተለየው ሁሉ እዚያው አንድ መኪና ላይ ይቀላቀላል፣ ታዲያ ለምን እንደክም አለ። መልስ 20 በቁጣው አልተስማማም። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው መሞቱን አነሳ። ከነዚያ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ኑሯቸው እዚያው ክምር ሥር ነበር። ከቤት ሳይለይ የሚወጣ ቆሻሻ መጨረሻው ሰው ላይ ነው የሚከመረው። በዚህ እኔ ከመልስ 20 ጋር ነኝ። ይሁን እንጂ የ19 ጥያቄም መልስ ይፈልጋል፤ የተለየው የሚሄድበት ከሌለ መለየቱ ብቻውን አይበቃም።

መልስ 21 ግብርና ላይ የሠራች ሴት ናት። ስለ ፀረ ተባይ ዕቃ ጻፈች። ባዶ የመድኃኒት ዕቃ አጥቦ ዘይት፣ ጋዝ ወይም ውሃ መያዝ ከገጠር እስከ ከተማ የተለመደ ነው። ታጥቦ አይጠራም። ፕላስቲኩ መርዙን ይጠጣዋል። ትክክለኛው ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ ልቅላቂውን ወደ ቦይ ሳይሆን መርጫው ውስጥ መልሶ እርሻው ላይ መርጨት፣ ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ዕቃውን መብሳት ነው። በተለይ ያስጠነቀቀችው ስለ ፎስቶክሲን ነው። እህል እንዳይነቅዝ ከማሽላና ከጤፍ ጋር የሚቀመጠው ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። እህሉ ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ። የተረፈውን ክኒን መጸዳጃ ውስጥ መጣልም ሆነ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው። ተጠቅሞ የቀረው አመድ መሳይ ዱቄት እንኳ በባዶ እጅ አይነካም። አሮጌ ፀረ ተባይ አገር ውስጥ የሚወገድበት ስለጠፋ ኢትዮጵያ ከዓመታት በፊት ከ1,500 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ልካ እንዳስወገደችም ነገረችን። አገር እንዲህ ከተቸገረ፣ አንድ ቤት ብቻውን ምን ያደርጋል? ስለዚህ ምክሯ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ በትንሹ መግዛት ነው።

ነርሷ በመልስ 22 ተመልሳ መጣች። በረኪና፣ ነጭ ጋዝና አሲድ በሃይላንድ እንዳይያዝ አጥብቃ ለመነች። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣል። ከጠጣ ማስመለስ አይገባም፤ ሲወጣም እንደገና ያቃጥለዋል፣ ጋዝ ከሆነ ሳንባ ይገባል። ወተት እየጋቱ ጊዜ ማጥፋትም አያስፈልግም። ዕቃውን ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ጠባብ መጸዳጃ ውስጥ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ስለ ሽሮፑም መለሰችልኝ። ፋርማሲው ከተቀበለ እዚያ፤ ካልተቀበለ ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ተለውሶ፣ ታሽጎ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ይወጣል። ለጎረቤት መስጠት የለም።

መልስ 23 ከቧንቧ ውሃ ሰፈር የጻፉ እናት ናቸው፤ ልጣጭና አተላ ከአመድ ጋር እየደራረቡ ለጎመናቸው ማዳበሪያ እንደሚሠሩ ነገሩን። የሚበሰብሰው ከወጣ የቆሻሻው ጆንያ በግማሽ እንደሚቀልና የቀረውን ለመለየት እንደማያስጠላ ጻፉ። ልክ ናቸው፤ የመለየት ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መልስ 24 አጭርና ከባድ ነው። በ2014 ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ውጊያ ነበር። ዛሬም እርሻ ሲታረስ፣ ቦይ ሲጠረግ ጥይትና ያልፈነዳ ነገር ይገኛል። ብረት ነው ብሎ ለቆራሌ የሚያመጣ ልጅ አለ። ቆራሌው ራሱ ከሥሩ ጽፎ አረጋገጠ፤ ለእሱም አምጥተውለት ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይነካም፣ አይነቀነቅም። ቦታውን ምልክት አድርጎ፣ ልጆችን አርቆ ለፖሊስ መናገር ብቻ ነው። ይህን በየቤቱ ለልጆች ንገሩ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሥራ ገባ። መልስ 25 ሐሳቡን አመጣ፤ ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ይያዘው። ቅሬ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቤት አለው፣ የሚታመን ገንዘብ ያዥ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለሐዘን የሚሰበሰብበት ነው። አንድ ክዳን ያለው በርሜል በቅሬው ዕቃ ቤት ቢቀመጥ፣ በወር አንድ ቀን ሰው የባትሪ ድንጋዩንና አምፖሉን ቢያመጣ ምን ይከብዳል? መልስ 26 ተቃወመ፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። መርዝ ለቀብር ከሚያገለግል ድስትና ብርድ ልብስ ጋር አንድ ክፍል ሊቀመጥ አይገባም። በርሜሉ ሲሞላስ? የሰፈሩን አደጋ ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ማከማቸት መፍትሔ ነው ወይ? አንድ ሰው ይህን የሥራ ጠላትነት አድርጎ ወሰደውና ለጥቂት መልሶች ነገሩ ጦፈ። እኔ ግን የ26 ጥያቄ ሐሳቡን አስተካከለው እላለሁ።

መልስ 27 እና 28 ነገሩን ቆረጡት። ሁሉንም በአንድ በርሜል ማድረግ ቀርቷል። መርፌ ታሽጎ በቀጥታ ወደ ነርሷ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ፀረ ተባይ በሰፈር አይከማችም፤ ባለቤቱ በዋናው ዕቃ ቆልፎ ይይዘዋል፣ ግብርና ባለሙያ ያማክራል። የመኪና ባትሪ ከነአሲዱ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ለቅሬው የሚቀሩት የባትሪ ድንጋይና አምፖል ብቻ ናቸው። እነሱም ከዕቃ ቤቱ ውጪ፣ ዝናብ በማይነካው ጥላ ሥር፣ የሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ፣ አምፖሉ በካርቶን ተጠቅልሎ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስድበትን እንዲያመቻች በቅሬው ማኅተም ደብዳቤ ይጻፋል፤ የሕግ ባለሙያው ሊያረቅ ተስማምቷል። ከቅሬው መዋጮ ላይ ደግሞ ለማኅበሩ ሴቶች ወፍራም የቆዳ ጓንት እንዲገዛ ጋሼ መምህሩ ሐሳብ አቀረቡ፤ ማንም አልተቃወመም። የእናቴን መርፌ አሽጌ ለነርሷ ልወስድ ነው። የተወጋችውን ሴት ከማኅበሩ ጠይቄ አግኝቻታለሁ፤ ለምርመራ ሄዳለች።

መልስ 29 ከኮምቦልቻው ሰው ነው፤ ያው መልስ 6። የስልኩ ባትሪ አብጦ ሽፋኑን እንዳስነሳው ጽፎ፣ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ ወይ ሲል ጠየቀ። መሐንዲሱ በፍጥነት መለሰለት። አይገባም። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ አይበሳም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም፤ እሳት ያስነሳል። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ፤ ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቆርቆሮውም ከቤት ውጪ፣ ከፀሐይና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይሁን። ስልክ የሚጠግን ሰው ጋር ሲወስደውም በኪሱ ሳይሆን ከነቆርቆሮው ይውሰደው።